ተራ የሌለው መጽሐፍ

መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ያነባል ማለት አይደለም። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ለገሃር ወይም አራት ኪሎ ጎራ ብሎ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ሳይዝ የማይመለስ፣ ካፌ ተቀምጦ ሳለ መጽሐፍ አዟሪው ክምሩን ደረቱ ላይ ደግፎ ሲመጣ ዝም ብሎ ማሳለፍ የማይችል፣ የደራስያንን ስም ከነዘመናቸው የሚያውቅ ሰው አለ። «አሁን ምን እያነበብክ ነው?» ሲባል ግን የሚጠራው መጽሐፍ አምናም የጠራውን ነው። ዕልባቱ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አልተነቃነቀም። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ፍቅሩም የይምሰል አይደለም። የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጊዜ የለኝም።

ይህ ምክንያት በተግሣጽ እንዲታለፍ አልፈልግም። ለወደዱት ነገር ጊዜ አይጠፋም ይባላል። ይጠፋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ልጆቿን ለትምህርት ቤት የምታሰናዳ፣ ቀኑን ቢሮ ውላ ማታ ምድጃ ላይ የምትቆም እናት ጊዜ ጠፍቶባታል። ዋሽንግተን አካባቢ ቀን አንድ ሥራ ማታ ሌላ ሥራ የሚሠራው ሰው፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ቀጣሪዎቿ እስኪተኙ የምትጠብቀው ልጅ ጊዜ ጠፍቶባቸዋል። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ፍቅር መስበክ ድፍረት ነው። ወደ እነሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

እንቆቅልሹ ሌላ ቦታ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሌለው፣ የሚጠብቀው ልጅ የሌለው፣ መጽሐፉም ከእጁ አንድ ክንድ ብቻ የራቀ ሰው አያነብም። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ይመሻል፤ ሲመሽ ያዝናል። ይህ ሰው ሰዓት አልጎደለውም። የጎደለውን ለማወቅ መጀመሪያ ንባብ ራሱ ከሰው ምን እንደሚፈልግ፣ ቀጥሎም ከእኛ በፊት የነበሩ አንባቢዎች ጊዜውን ከየት እንዳመጡት ማየት ይገባል።

ንባብ ከሩቅ ለሚያየው ዕረፍት ይመስላል። የአንባቢ ዓይን ግን መስመሩን ተከትሎ ዝም ብሎ አይፈስም፤ እየዘለለ ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ላይ የሰከንድ ሩብ ያህል ያርፋል፣ ይዘላል፣ እንደገና ያርፋል፤ ያልገባው ነገር ካለ ወደ ኋላ ይመለሳል። አእምሮ በእነዚያ አጫጭር ዕረፍቶች የለቀማቸውን ፊደላት ወደ ቃል፣ ቃላቱን ወደ ሐሳብ፣ ሐሳቡን ወደ ሰውና ወደ አገር ይለውጣል። ፊልም የጀግናዋን ፊት ሠርቶ ያቀርባል፤ ልብ ወለድ ፊቷን አንባቢው እንዲሠራው ይተወዋል። ይህ ሥራ አንዴ ከተያዘ ሥራነቱ ይረሳል፤ ደስታውም የሚመጣው ያኔ ነው። የሚከብደው መግቢያው ነው፦ ስሞቹ ገና ያልተለመዱበት፣ ቦታው ገና ያልተሣለበት የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ።

መግቢያውን ይበልጥ የሚያከብደው ይዘነው የምንመጣው ነገር ነው። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዞር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አብሮት አይዞርም። በተለይ የፊተኛው ሥራ ሳያልቅ ከተተወ ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ሌላዋ ተመራማሪ ግሎሪያ ማርክ ደግሞ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ አንድ ነገር ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት ለክታለች። በ2004 እ.ኤ.አ. አማካዩ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የዋለ ሐሳብ ማታ አንድ ገጽ ላይ እንዲሰክን ሲጠየቅ ይቁነጠነጣል። ሰውየውም «መጽሐፉ አልያዘኝም» ብሎ ያጥፈዋል። መጽሐፉ ግን ለመያዝ ገና ዕድል አላገኘም ነበር።

ቪክተር ኔል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ለደስታ ብቻ ስለሚደረግ ንባብ አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። ብዙ የሚያነቡ ሰዎችን ሲመረምር ሁለት ነገር አገኘ። የመጀመሪያው፣ እነዚህ ሰዎች ይበልጥ የወደዱት ገጽ ላይ ሲደርሱ ዘገም ይላሉ፤ እንዳያልቅባቸው ይመስል። ሁለተኛው፣ ሰውነት በንባቡ ሰዓት ነቅቶ ይቆያል፣ የሚላላው መጽሐፉ ሲቀመጥ ነው። ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ፈጣን ንባብ እናስተምራለን የሚሉ ሥልጠናዎች ለዘገባና ለሰነድ ይጠቅሙ ይሆናል እንጂ ለልብ ወለድ አይሆኑም። ደስታው ባለበት ቦታ ላይ የሚዘገይን ሰው ማፍጠን ደስታውን መውሰድ ነው። ደግሞም ንባብ ንቃት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለመጽሐፍ ሁልጊዜ የቀኑን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ብቻ የምንሰጠው ሰዎች ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ቢጥለን ሊገርመን አይገባም።

አሁን ወደ አገራችን አንባቢ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚከራይበት ዘመን ነበር። ለመግዣ የሌለው ተማሪ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ታሪክ፣ የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን»፣ ወይም ወደ አማርኛ የተመለሰ የሲድኒ ሼልደን ልብ ወለድ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ይወስዳል። ነገ ካልመለሰ ሌላ ቀን ይቆጠርበታል። ስለዚህ ሌሊቱን ያነባል። «መብራት አጥፋ» ሲባል ያጠፋል፣ ቤቱ ጸጥ ሲል እንደገና ያበራል። ያ ልጅ ከዛሬው ልጅ ይልቅ ጊዜ ተርፎት አልነበረም፤ ውኃ ይቀዳል፣ ሱቅ ይላካል፣ የቤት ሥራም አለበት። ጊዜውን የፈጠረለት የመመለሻው ሰዓት ነው።

ውሰትም እንደዚያው ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ በሰው እጅ የቀሩት ቅጂዎች ከቤት ወደ ቤት በምስጢር ዞሩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጁ የገባ ሰው «ሲመቸኝ አነበዋለሁ» አይልም። ከኋላው የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፤ መጽሐፉ ቤቱ ባደረ ቁጥር አደጋው ያድጋል። ያን ዘመን አላሞግስም፤ ለአንድ ልብ ወለድ ሰው የጠፋበት ዘመን ነው። የምለው፣ መጽሐፉ አንባቢው ጋ ሲደርስ ተራውን ይዞ ይደርስ እንደነበር ነው።

ሬዲዮም ተራ ነበረው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርክ፣ አድማጩ ሰዓቱን ይጠብቅ ነበር እንጂ ሰዓቱ አድማጩን አይጠብቅም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ረጅም ልብ ወለድ ነው። ማንበብ የማይችሉ አያቶች፣ ለማንበብ ጊዜ ያልነበራቸው እናቶች የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤት ያወቁት በዚያ ድምፅ ነው። ያን ያህል ረጅም መጽሐፍ አንድ ላይ ቢሰጣቸው ይፈሩት የነበሩ ሰዎች በየጊዜው እየተቆረሰ ሲመጣላቸው እስከ መጨረሻው ተከተሉት።

ይህ ቆርሶ የማንበብ ልማድ ከሬዲዮ እጅግ ይቀድማል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊደል ቆጥሮ፣ ከንባብ ቤት ደረጃዎች አልፎ ዳዊት ላይ የደረሰ ልጅ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በአንድ ቁጭታ እንዲጨርስ አይጠበቅበትም። መዝሙሮቹ አሥር አሥር እየሆኑ በ«ንጉሥ» ተከፍለዋል፤ ለሳምንቱ ቀናትም ተደልድለዋል። ውዳሴ ማርያምም የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ነው። ወሎ ወይም ሐረር ያደገ ሙስሊም ልጅ ደግሞ ቁርኣን በሠላሳ ጁዝእ መከፈሉን፣ በረመዳንም በየቀኑ አንድ ጁዝእ የሚያነብ ሰው በወሩ መጨረሻ እንደሚያኸትም ያውቃል። ገበሬውም ነጋዴውም ዳዊቱን ሲደግም ወይም ጁዝኡን ሲቀራ የኖረው ሰዓት ተርፎት አይደለም። የዕለቱ ድርሻ ይታወቃል፣ የሚነበብበት ሰዓት ይታወቃል፤ ጧት ተነሥቶ «ዛሬ ላንብብ ወይስ አላንብብ?» ብሎ ከራሱ ጋር አይከራከርም።

ይህ ጸሎት እንጂ የደስታ ንባብ አይደለም የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ልዩነቱን ማክበር ይገባል። እኔ የምወስደው ቅርጹን ብቻ ነው። አገራችን ለረጅም ዘመን በድርሻና በሰዓት ማንበብን የምታውቅ ሆና ሳለ፣ ልብ ወለድና ግጥም ወደ ቤታችን ሲገቡ ይህን ሥርዓት አላገኙም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተመ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ልብ ወለድ ማንበብ እስካሁን በብዙ ቤት የሥራ ፈት ነገር ነው። ልጅ መማሪያ መጽሐፍ ይዞ ሲገኝ «እያጠና ነው፣ አትረብሹት» ይባላል፤ ልብ ወለድ ይዞ ሲገኝ ሱቅ ይላካል። ቤተ መጻሕፍት ስንል እንኳ ብዙዎቻችን የምናስበው የፈተና ሰሞንን ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ትልቅ ሲሆን ደስታውን ከሥራ ሁሉ በኋላ ለተረፈው ጊዜ ይተወዋል። ሥራ ደግሞ አያልቅም።

ቀድሞ ተራ ይሰጡ የነበሩት ነገሮች አንድ በአንድ ሄደዋል። ኪራዩ ቀርቷል። ዛሬ መጽሐፍ በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይላካል፤ ብዙውም ያለ ደራሲው ፈቃድ ነው፣ ያም ደራሲውን እንደሚጎዳ ሳላነሣ አላልፍም። አንድ ስልክ ውስጥ መቶ መጽሐፍ ይተኛል። አስመላሽ የለ፣ ተረኛ የለ፣ ቀነ ገደብ የለ። መቶውም ሁልጊዜ ስላሉ ዛሬ የአንዳቸውም ቀን አይሆንም። በዚያው ስልክ ላይ ግን ሌላው ነገር ሁሉ ተራውን በጩኸት ይጠይቃል፦ መልእክቱ ይንጫጫል፣ ቪዲዮው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሰዎችን የዕለት ውሎ ከሚመዘግበው አገር አቀፍ ጥናት ተነሥተው በ2025 እ.ኤ.አ. ውጤታቸውን ያሳተሙ ተመራማሪዎች፣ በአንድ ቀን ውስጥ ለደስታ ያነበቡ ሰዎች ድርሻ በ2004 ከነበረበት 28 በመቶ በ2023 ወደ 16 በመቶ መውረዱን አግኝተዋል። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ሌላው ነው፤ ማንበብ ያልተዉት ሰዎች የሚያነቡበት ጊዜ አላጠረም፣ እንዲያውም ትንሽ ረዝሟል። ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ቀነሰ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ጨርሶ ተወ፣ በቀኑ ውስጥ ለመጽሐፍ ቦታ ያለው ሰው ግን እንዳለ ነው።

እንግዲህ ተራ እንዴት ይሰጣል?

በትንሹ መጀመር ይሻላል፤ ትንሹ ከሚመስለው በላይ ነውና። በ2019 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በልብ የሚያነብ አዋቂ በደቂቃ በአማካይ 260 ቃል ያህል እንደሚያነብ አስልቷል። የአማርኛ ቃል ባለቤቱንም ተሳቢውንም አዝሎ ስለሚሄድ በዚያ ፍጥነት አናስላ፤ ዝቅ አድርገን መቶ ቃል እንበል። በቀን 15 ደቂቃ ያነበበ ሰው 1,500 ቃል ያነባል፤ በዓመት ከ540,000 በላይ። መካከለኛ ልብ ወለድ 60,000 ቃል ቢሆን ዘጠኝ መጽሐፍ ማለት ነው። ግማሹን ቀን ቢያጓድል እንኳ አራት ይጨርሳል። ሒሳቡን የሠራሁት ለማስቆጠር አይደለም። «በዓመት ሃምሳ መጽሐፍ» ብለው ከራሳቸው ጋር የሚወዳደሩ ሰዎች ቀጫጭኑን ሲመርጡና የሚወዱትን ገጽ ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ያ ደስታውን ወደ ሥራ መመለስ ነው። ሒሳቡ የሚያሳየው 15 ደቂቃ የሚናቅ ጊዜ አለመሆኑን ብቻ ነው።

ደቂቃው ከሌላ ነገር ጋር ቢታሰር ይጸናል። ከጧት ቁርስ በፊት፣ ቢሮ ሰው ሳይገባ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ሊሆን ይችላል። ዋናው በየቀኑ አንድ ቦታ መሆኑ ነው፤ ክርክሩ የሚቀረው ያኔ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ማንበብ የሚችሉ ሰዎችን አደንቃለሁ፤ ግን ለጀማሪ አልመክረውም፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መግቢያው ይፈርሳል። ስልክ ደግሞ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ፊት ለፊት ተገልብጦ መቀመጡ አይበቃም፤ እጅ የት እንዳለ ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቢያሰለቹ መጽሐፉ ላይ አይፈረድ፤ አምስት ስድስት ገጽ ይሰጠው። ከዚያ በኋላም ካልያዘ ደግሞ ያለ ጸጸት ይዘጋና ሌላ ይከፈት። ብዙ ሰው ማንበብ ያቆመው አንድ ያልወደደውን መጽሐፍ «ሳልጨርስ ሌላ አልጀምርም» ብሎ በመማሉ ነው። መምህር የለም፣ ፈተና የለም። ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚመለስ ሰው በአጫጭር ልብ ወለዶች ቢጀምር አንድ ምሽት አንድ ሙሉ ታሪክ ይሰጠዋል።

የድሮው ተረኛም ሊመለስ ይችላል። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ቅጂ ገዝተው «እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ያንተ፣ ከዚያ የእኔ» ቢባባሉ ኪራዩ ተመለሰ ማለት ነው። ሰብሰብ ብሎ በመጽሐፍ ላይ መወያየትም አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ልማድ አለው፤ ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው ድርጅት ለዓመታት ያካሄደው የመጻሕፍት ውይይት ብዙ ሰው እስከ እሑድ አንብቦ እንዲመጣ አስገድዷል። ደስ የሚል ማስገደድ ነው።

አሁን ጊዜ በእርግጥ ወደ ጠፋባቸው ሰዎች። እጅና ዓይናቸው ለተያዘባቸው የጆሮ ንባብ አለ፤ እንደ ሙሉ ንባብም እቆጥረዋለሁ። በወጋየሁ ድምፅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቁትን ሰዎች አላነበቡም የሚል ሊኖር አይገባም። ያ ትረካ ዛሬም ይደመጣል፤ ሸገር ኤፍ ኤም በ«ሸገር ሼልፍ» መጻሕፍትን ሲተርክ ቆይቷል፤ «ተራኪ»ን የመሰሉ የስልክ መተግበሪያዎችም የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባሉ። ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሹፌር፣ ልብስ የምትተኩስ ልጅ በሳምንት አንድ መጽሐፍ ሊያደምጡ ይችላሉ። ተመዝኖ የሚነበብ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታይ መጽሐፍ በጆሮ ይከብዳል፤ ታሪክ ግን ከጥንትም በጆሮ የመጣ ነው።

ለእናቲቱ ግን መተግበሪያ መጠቆም በቂ አይመስለኝም። የእሷ ተራ የተወሰደው በስልክ ሳይሆን በቤቱ አሠራር ነው። ባልየው ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ «እያነበበ ነው» ተብሎ ልጆች ዝም ይባላሉ፤ እሷ ስትቀመጥ ግን ጥያቄው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። እዚህ ቤት ውስጥ የንባብ ጊዜ የሚገኘው በራስ ጥረት አይደለም፤ ሌላው ሰው ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ግልጽ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከራት በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የእሷ ነው፤ ዕቃ የሚያጥበው፣ ልጆቹን የሚያስተኛው እሱ ነው፤ «ያ ነገር የት ነው?» ብሎ በር ማንኳኳት የለም። ይህ ልግስና አይደለም፤ እሱ ሲያነብ ለኖረበት ጸጥታ የእሷ ተራ ነው።

አንድ ላይ ማንበብም ይቻላል። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ አብሮ ይቀመጣል። ከልጆቹ ትልቁ ወይም ድምፁ ደስ የሚለው ሰው አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ ቡና የምታፈላዋም ሳትቋረጥ ትሰማለች፣ ልጆቹም መጽሐፍ ለፈተና ብቻ አለመሆኑን ያያሉ። ታሪኩ አጓጊ ቦታ ላይ ሲደርስ ማቆም ይሻላል፤ በሚቀጥለው ቡና ከሁሉ ቀድመው የሚቀመጡት ልጆቹ ይሆናሉ።